«ፖሉ ካለቀለት ለምን እሰለፋለሁ?» የጆርጂያ አገረ ገዥ ምርጫና የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከአትላንታና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ጆርጂያ አገረ ገዥ ምርጫ። አገረ ገዥው ብራያን ኬምፕ በ2018 እና በ2022 ተመርጦ ሁለተኛ የሥራ ዘመኑን እየጨረሰ ነው፤ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ መወዳደር ሕጉ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ወንበሩ ክፍት ነው። ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ፕራይመሪ ሜይ 19 ነው፣ ዋናው ምርጫ ደግሞ ኖቬምበር 3 ቀን 2026። ብዙ ሰው የሚጋራቸውን ጥያቄዎች መርጠን እነሆ መልሰናል።

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ «ፖሉ ላይ ቦተምስና ጆንስ እየመሩ ነው፣ ነገሩ አልቆለታል፣ ሜይ ላይ ሥራ ፈትተን የምንሰለፍበት ምክንያት የለም» ይላል። ኖቬምበር ብቻ እንሂድ ባይ ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ማናችን ነን ትክክል? (ከስቶን ማውንቴን)

አንቺ ነሽ እህቴ። ለምን እንደሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር የሚለው ባለቤትሽ ብቻ አይደለም።

በ2025 መጨረሻ አካባቢ በወጡት የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች፣ ፖል በምንላቸው፣ በዴሞክራቶቹ በኩል ከፊት የነበረችው የቀድሞዋ የአትላንታ ከንቲባ ኪሻ ላንስ ቦተምስ ናት። በሪፐብሊካኖቹ በኩል ደግሞ ምክትል አገረ ገዥው በርት ጆንስ። እስከዚህ ባለቤትሽ ልክ ነው። ግን እነዚያው መለኪያዎች «ገና አልወሰንኩም» የሚለው ሰው በጣም ብዙ እንደሆነም አሳይተዋል፤ በተለይ በሪፐብሊካኑ በኩል። ይሄኛው ቁጥር ዜና አይሆንም፣ ርዕስ ላይ አይወጣም። እኔ ግን ፖል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሜዳው ራሱ ተቀይሯል። በጤናው ዘርፍ የከበረው ቢሊየነር ሪክ ጃክሰን በፌብሩዋሪ 2026 ከራሱ ኪስ 50 ሚሊዮን ዶላር አወጣለሁ ብሎ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ተቀላቀለ። እሱ ሳይገባ በፊት የተሠራ ፖል አሁን ያለውን ውድድር አይለካም። ከሁለቱ ሌላ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ክሪስ ካር እና የ2020ን ምርጫ ያስፈጸመው ብራድ ራፈንስፐርገር አሉ። በዴሞክራቶቹ በኩል ማይክል ተርመንድ አለ፤ የዴካልብ ካውንቲ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ስለሠራ ክላርክስተንና ስቶን ማውንቴን ላለው ሰው አዲስ ስም አይደለም። የስቴት ሴናተር የነበረው ጄሰን ኤስቴቭስም አለ። ጄፍ ደንከን ደግሞ ሪፐብሊካን ምክትል አገረ ገዥ የነበረ፣ የ2020ን ምርጫ ተሰርቋል አልልም በማለቱ ከፓርቲው ጋር የተቃቃረ፣ በ2025 ዴሞክራት ሆኖ የመጣ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጆርጂያ ሕግ ፕራይመሪ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በተወዳደረበት ይሄ ከባድ ነው። ካልተገኘ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ጁን 16 ቀን ዳግም ይገናኛሉ፣ ራንኦፍ የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አንደኛ ከሚወጣው እኩል ሁለተኛ የሚወጣው ሰው ማንነት ትልቅ ነገር ነው፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ፖል ሊለየው የማይችል ጠባብ ሊሆን ይችላል።

2018ን አስታውሺ። በሪፐብሊካን ፕራይመሪ ኬሲ ኬግል 39 ከመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ብራያን ኬምፕ 26 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ሩቅ ሁለተኛ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ቆይቶ በራንኦፉ ኬምፕ 69 ለ31 አሸነፈ። በመሃል ኬግል በድብቅ የተቀዳ ንግግሩ ወጣበት፣ ትራምፕም ለኬምፕ ድጋፉን ሰጠ። ያን ሁለተኛ ቦታ ያስያዙት ሜይ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ስምንት ዓመት ጆርጂያን ያስተዳደረው ሰው ከዚያ ነው የመጣው።

የሚወጣውን ሰው ብዛትም እዪ። በዚያው በ2018 በሁለቱም ፓርቲ ፕራይመሪ ድምፅ የሰጠው ሰው ቢደመር 1.2 ሚሊዮን አይሞላም። ኖቬምበር ላይ ግን 3.9 ሚሊዮን ሰው ወጣ። ሜይ ላይ አንድ ቤተሰብ ይዞት የሚሄደው ድምፅ ከኖቬምበሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ባለቤትሽ ሥራ መፍታት ካስጨነቀው እስከ ሜይ 15 ቀድሞ መምረጥ ይቻላል፣ ቅዳሜም ጭምር፣ በካውንቲያችሁ ባለ በማንኛውም የቅድመ ምርጫ ጣቢያ።

ሰላም። እኔ ፖል የሚባል ነገር አላምንም። 1,000 ሰው ጠይቀው 11 ሚሊዮን ሕዝብ ያለበትን ስቴት እናውቃለን ይላሉ። ሁልጊዜም አንዱን ወገን ለመጥቀም ነው የሚሠሩት። ተሳሳትኩ? (ከኖርክሮስ)

በመጀመሪያው ተሳስተሃል ወንድሜ፣ በሁለተኛውም። ግን ጥርጣሬህ ከንቱ አይደለም፣ ቦታውን ነው የሳተው።

1,000 ሰው በትክክል በዕጣ ከተመረጠ በቂ ነው። የስህተት ህዳጉ ወደ 3 ነጥብ ግድም ይሆናል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ያ 3 ነጥብ ለእያንዳንዱ እጩ ነው። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ህዳጉ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንዱ 48 ሌላው 45 ከሆነ ማንም እየመራ ነው ማለት አይቻልም። ፕራይመሪ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከ1,000ው ውስጥ በሪፐብሊካን ፕራይመሪ እመርጣለሁ የሚለው ምናልባት ግማሹ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ህዳጉ ይሰፋል።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንደኛ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ1997 ከሚደውልላቸው 100 ሰዎች 36ቱ ይመልሱለት ነበር። በ2018 ስድስት ብቻ ሆኑ። የቀረውን የሚሞሉት በስሌት ነው፤ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በዘር እያመዛዘኑ። ሁለተኛ፣ እመርጣለሁ ካለው ውስጥ በእውነት የሚወጣው ማን እንደሆነ መገመት አለባቸው። የዚህን ግምት ስህተት ያ የስህተት ህዳግ የሚባለው አይጨምረውም።

አንዱን ወገን ለመጥቀም ነው ላልከው፣ የኒው ጀርሲን አገረ ገዥ ምርጫ ተመልከት። በ2021 የመንመዝ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፖል ዴሞክራቱን ፊል መርፊን በ11 ነጥብ አስቀደመ። መርፊ ያሸነፈው በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የፖሉ ኃላፊ በጋዜጣ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2025 ደግሞ በዚያው ስቴት በርካታ ፖሎች ውድድሩ አንገት ላንገት ነው ሲሉ ከረሙ፣ ዴሞክራቷ ማይኪ ሼሪል ከ13 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈች። መጀመሪያ ዴሞክራቱን አበዙት፣ ቀጥሎ አሳነሱት። በማወቅ ለአንድ ወገን የሚያደላ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።

እዚሁ ጆርጂያም ሁለቱንም ዓይነት አይተናል። በ2002 አገረ ገዥ ሮይ ባርንስ ገንዘቡም ፖሉም በእጁ ነበር። ሶኒ ፐርዱ 51 ለ46 ረታውና ከ130 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ሆነ። በ2022 ግን ኬምፕ ዴሞክራቷን ስቴሲ ኤብራምስን እየመራ እንደሆነ ፖሎቹ ተናግረው ነበር፣ እውነትም በ7 ነጥብ ተኩል አሸነፈ። ፖሎቹ ልክ ነበሩ።

እና ምን ይሻላል ብትለኝ፣ አንድ ፖል ብቻ ይዘህ አትከራከር፣ የበርካታዎቹን አማካይ እይ። ማን እንደከፈለበትም እይ፤ የአንድ እጩ ቡድን ራሱ አሠርቶ ያወጣው ፖል የሚወጣው ለእጩው ሲያምር ብቻ ነው። መቼ እንደተሠራ፣ የተጠየቁት የተመዘገቡ መራጮች ናቸው ወይስ የሚወጡ ይሆናሉ የተባሉት ብቻ የሚለውንም ፈልግ። ይሄን የማይናገር ፖል ከሆነ ዝለለው።

ትራምፕ በርት ጆንስን ደግፏል። የሪፐብሊካኑ ነገር በዚሁ አለቀ ማለት ነው? (ከሎረንስቪል)

በጭራሽ። ከላይ እንዳልኩት በ2018 የትራምፕ ድጋፍ ለኬምፕ ትልቅ ጉልበት ሆኖታል። በ2022 ግን ትራምፕ በዚያው በኬምፕ ላይ ዞሮ የቀድሞውን ሴናተር ዴቪድ ፐርዱን ደገፈ፣ ኬምፕም ወደ 74 ለ22 በሆነ ልዩነት አሸነፈው። ራፈንስፐርገርም ያኔ በትራምፕ በተደገፈ ተፎካካሪ ላይ ራንኦፍ ሳያስፈልገው አልፏል፤ ትራምፕ በጃንዋሪ 2021 ደውሎ 11,780 ድምፅ ፈልግልኝ ያለው ይሄ ሰው ነው። የጆርጂያ ሪፐብሊካን መራጭ ትራምፕን ይወዳል፣ ግን በራሱም ያስባል። ድጋፉ ብዙ የሚሠራው እጩዎቹን በደንብ በማያውቅ ሰው ዘንድ ነው፣ ያ ደግሞ ገና አልወሰንኩም የሚለው ሰው ነው።

እውነቱን ንገሩን፣ አገረ ገዥ ለእኛ ምን ይሠራል? እኔን የሚያሳስበኝ የመብራት ሂሳቤና የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። (ከክላርክስተን)

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት።

የመብራቱን ላስቀድም፣ ምክንያቱም መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ውጭ ነው። የጆርጂያ ፓወርን ዋጋ አገረ ገዥው አይወስንም። የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው፣ አባላቱን ደግሞ እኛ እንመርጣቸዋለን። በኖቬምበር 2025 ሁለት ወንበሮች ለምርጫ ቀርበው ነበር። አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሀበርድ የተባሉ ሁለት ዴሞክራቶች ከ60 በመቶ በላይ አግኝተው ወሰዷቸው። ለአገረ ገዥም ለፕሬዚዳንትም ምርጫ ባልነበረበት ዓመት ሕዝቡ ሂሳቡ መሮት ወጥቶ ነው እንዲህ የመረጠው። የዘንድሮ እጩዎች ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት የሚያወሩት ያንን ስላዩ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሕክምናው ነገር ግን አገረ ገዥውን በቀጥታ ይመለከታል። ጆርጂያ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ሙሉ በሙሉ ካላሰፉት አሥር ስቴቶች አንዷ ናት። በምትኩ ከጁላይ 2023 ጀምሮ «ፓዝዌይስ» የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በወር 80 ሰዓት መሥራትን ወይም መማርን በሰነድ ማሳየት ይጠይቃል። ኡበር የሚነዳ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው፣ ሰዓቱ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥበት ሰው ይሄን ሰነድ ማሟላት ምን ያህል እንደሚከብደው እናንተ ታውቁታላችሁ። ዴሞክራቶቹ እጩዎች ሜዲኬይድ ይስፋ ይላሉ። ሪፐብሊካኖቹ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ፣ ጆንስ ለምሳሌ ዋና አጀንዳው የስቴቱን የገቢ ግብር ማጥፋት ነው። ግብሩ ቢጠፋ ከደሞዝ ቼካችሁ ላይ የሚቆረጠው ይቀንሳል፣ ያ ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ከየት ይተካል የሚለው ደግሞ እያንዳንዱ መራጭ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ቢሆንም አገረ ገዥው ከውስጡ አንድን መስመር ነጥሎ የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ይሄ ቀላል ሥልጣን አይደለም።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ እጩዎች ወደ ቤተ ክርስቲያናችንና ወደ መስጊዳችን ሲመጡ ፎቶ ተነስተን ከምንሸኛቸው ሜዲኬይድን ምን ልታደርገው ነው ብለን ብንጠይቃቸው ይሻላል።

ሪፐብሊካን ይሁን ዴሞክራት ሳልመዘገብ ሜይ ላይ መምረጥ እችላለሁ? (ከታከር)

ትችላለህ። ጆርጂያ ውስጥ ሰው በፓርቲ አይመዘገብም። ጣቢያው ስትደርስ የየትኛውን ፓርቲ ድምፅ መስጫ እንደምትፈልግ ይጠይቁሃል፣ አንዱን ትመርጣለህ። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሜይ ላይ የአንዱን ፓርቲ ከወሰድክ ጁን 16 ወደ ሌላው ፓርቲ ራንኦፍ መሻገር አትችልም። ሜይ ላይ ጨርሶ ያልመረጠ የተመዘገበ ሰው ግን ራንኦፉ ላይ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይችላል። መታወቂያህን አትርሳ። ለሜዩ ምርጫ መመዝገቢያው ኤፕሪል 20 ተዘግቷል፣ ለኖቬምበሩ እስከ ኦክቶበር 5 ጊዜ አለ።

ግሪን ካርድ አለኝ። አንድ ጓደኛዬ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የመራጭነት ፎርሙን ብሞላ ችግር የለውም አለኝ። (ስሜ ይቆይ)

ችግር አለው፣ ትልቅ ችግር። እባክህ እንዳትሞላው። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብም ሆነ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፣ ዜግነትህን ሊያስከለክልህ፣ ከአገር ሊያስወጣህም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ዜጋ ነህ ወይ ተብለህ ስትጠየቅ አይደለሁም በል፣ ካልገባህ አስተርጓሚ ጠይቅ። ቸኩለህ ምንም ነገር ላይ አትፈርም። የዜግነት ቃለ መሐላህን የፈጸምክ ዕለት ግን በዚያው ቀን መመዝገብ ትችላለህ።

የማላውቀው ቁጥር ደውሎ ማንን ትመርጫለሽ አለኝ፣ ፈርቼ ዘጋሁት። ሌባ ነው? (ከዲኬተር)

ላይሆንም ይችላል። እውነተኛ ፖል የሚሠራ ሰው ዕድሜሽን፣ ትምህርትሽን፣ ማንን እንደምትመርጪ ይጠይቅሻል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ወይም የካርድ ቁጥር አይጠይቅም። ከጠየቀ ዝጊው። ስለ አንድ እጩ ክፉ ነገር ብቻ እየደረደረ «ይሄን ብታውቂ ትመርጪዋለሽ?» የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ሊያሳምንሽ እንጂ ሊጠይቅሽ አልደወለም።

እውነተኛው ሲደውል ግን ጊዜ ካለሽ መልሺለት እላለሁ። እነዚህ ጥሪዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፣ አንዳንዶቹ በስፓኒሽ፣ በአማርኛ የሚጠይቅ አልሰማሁም። ስለዚህ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፖሉ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ የምንችለውም ስልኩን ስንዘጋ እኛም እንወጣለን።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ዜግነት አግኝታለች፣ ተመዝግባለች። እንግሊዝኛ አታነብም፣ መቆምም ይከብዳታል። ይዣት ብሄድ አብሬያት መግባት እችላለሁ ወይስ ይከለክሉኛል? (ከስኔልቪል)

ትችላለህ፣ መብቷ ነው። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ማየት ወይም ማንበብ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። የተከለከሉት አሠሪዋ ወይም የአሠሪዋ ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሯ ኃላፊ ወይም ወኪሉ ናቸው። ልጇ ስለሆንክ ምንም ችግር የለም። በር ላይ «እሷን ልረዳ ነው» በል፣ የምትሞላው አጭር ፎርም ይሰጡሃል።

ከመሄዳችሁ በፊት «ማይ ቮተር ፔጅ» ከሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ የእሷን የድምፅ መስጫ ናሙና አትምላት። ቤት ቁጭ ብላችሁ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብብላት፣ ከየስሙ ጎን በአማርኛ ጻፍላት፣ ማንን እንደምትመርጥ እሷ ትወስን። ያን ወረቀት ይዛ መግባት ትችላለች። ስልክ ግን ውስጥ ማውጣት ክልክል ነው፣ ስለዚህ በስልክህ ላይ ያለ ነገር አትተማመን። ውስጥ ስክሪን ነክታ ትመርጣለች፣ ማሽኑ ወረቀት ያትማል፣ ወረቀቱን ወደ መቁጠሪያው ከማስገባታችሁ በፊት የመረጠቻቸው ሰዎች ስም በትክክል መውጣቱን አብራችሁ አረጋግጡ።

መቆሙን በተመለከተ፣ በምርጫው ዕለት ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ከሰዓት 10፡30፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከ9፡30 እስከ 4፡30 ማለት ነው፣ ዕድሜው 75 የሞላ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሳይሰለፍ መግባት ይችላል። ማንም ቀድሞ ላይነግራችሁ ይችላልና እንደደረሳችሁ ለምርጫ ሠራተኛው ራስህ ንገረው።